የግመል ወተትና የእናቴ መቀነት

ነገሩ የጀመረው ሽኒሌ በኩል ያለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ጓደኛዬ እናቱን ልናይ ይዞኝ ሄደ። ገና ቁጭ ከማለታችን እናቱ ዲል ይዘው መጡ። ዲል ሶማሌዎች ወተት የሚያስቀምጡበት የተጎነጎነ ዕቃ ነው። ውስጡ በጭስ ይታጠናል። ክዳኑ ሲነሳ ቀድሞ አፍንጫህ ጋ የሚደርሰው ጭሱ ነው፤ ወተቱ ከኋላ ይመጣል።

በትልቅ ኩባያ ሞልተው ሰጡኝ። የግመል ወተት፣ የዕለቱ፣ አረፋው ገና ያልተኛ። ጓደኛዬ የራሱን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። እኔ እሱን አየሁ፣ እናቱን አየሁ፣ ኩባያውን አየሁ። በእንግድነት ሄዶ ወተት እንቢ አይባልም። ጠጣሁ። ደገሙኝ። እሱንም ጠጣሁ። እውነት ለመናገር ይጣፍጣል። ጨው ጨው ይላል፣ ከላም ወተት ቀለል ያለ ነው።

ማታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤቴ ተመልሼ ጋደም እንዳልኩ ሆዴ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ፣ ቀጥሎ ዳገት እንዳቃተው ባጃጅ። የቀረውን ልተወው። ብቻ ሌሊቱን ስመላለስ አነጋሁ።

ጠዋት ደወልኩለት። «አቦ ምንድን ነው ያጠጣችሁኝ?» ሳቁን ለቀቀው። እሱ ምንም አልሆነም። ጭራሽ ሲነጋ ሌላ ኩባያ ጠጥቶ ሥራ ገብቷል።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የላክቶስን ነገር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። በራሴ ሆድ ሲመጣ ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ብዙም አልረዳኝም።

እናቴ የራሷ ማብራሪያ አላት። «ስላልለመድከው ነው» አለችኝ የአጃ ሾርባ እያማሰለች። «ሆድ እንዳስለመዱት ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብትጠጣ ይከፈትልህ ነበር።»

ይከፈትልህ ነበር። ይቺ ቃል አልለቅ አለችኝ። ምኑ ነው የሚከፈተው?

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ስኳሮች ተያይዘው የሠሩት ነው። አንጀታችን እንደተያያዙ አይመጥጣቸውም፤ መጀመሪያ መቆረጥ አለባቸው። ቆራጩ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ቦታው የትንሹ አንጀት ግድግዳ ነው። እሱ ከሌለ ላክቶሱ እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። ውሃ ይስባል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ድግስ የወረደላቸው ያህል ነው፤ ያብላሉታል፣ ጋዝ ያወጣሉ። ባጃጁ ይኸው ነው።

(«የግመል ወተት ላክቶስ የለውም» የሚል ወሬ ከተማችን ውስጥ ይዞራል። አለው። መጠኑም ከላም ወተት ብዙ አይርቅም። ምስክሩ እኔ ነኝ።)

ሕፃን ሳለን ሁላችንም ማለት ይቻላል ላክቴዝ አለን። ያለዚያ የእናት ጡት እንዴት ይስማማን ነበር? ጡት ከጣልን በኋላ ግን አብዛኞቻችን ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛው ያህል እንደዚህ ነው። ድመቱም ውሻውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ወተት የማይስማማው ሰው በሽተኛ አይደለም። እንግዳው ነገር የጓደኛዬ ሆድ ነው፤ አድጎም እንደ ሕፃን መጠጣቱ።

ለብዙ ዓመት የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር። ላክቴዝ የሌለው ሰው ዘረመሉ፣ ማለትም ላክቴዝ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበት የዲኤንኤ ክፍል፣ የጎደለ ወይም የተበላሸ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የእኔ የላክቴዝ ዘረመል ሁለተኛው ክሮሞሶሜ ላይ፣ ጡት ስጠባ የነበረበት ቦታ፣ ምንም ሳይሆን ቁጭ ብሏል። የሚያስነብበው ነው የጠፋው።

እናቴ ያለችው ነገር በትክክል የሚሠራበት ፍጡር አለ። ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ። ላክቶስ ከሌለ የላክቶስ ዘረመሎቹን በሚከለክል ፕሮቲን ዘግቶ ይቀመጣል። ላክቶስ ሲመጣ ከልካዩ ይነሳል፣ ዘረመሉ ይነበባል። ዣኮብና ሞኖ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ይህን እ.ኤ.አ. በ1961 አስረዱ፤ በ1965 ኖቤል ወሰዱበት። የዳቦ እርሾም የራሱ ዘዴ አለው። ጋላክቶስ ሲያገኝ ጋላክቶስ የሚፈጩትን ዘረመሎች ይከፍታል። ለእነሱ ምግቡ ራሱ ቁልፍ ነው።

የሰው ላክቴዝ ግን ወተት ስለመጣ አይከፈትም። ዓመት ሙሉ ብጠጣ ያ ዘረመል ዞሮ አያየኝም። ይህን ለእናቴ ስነግራት ማማሰሏን ሳታቋርጥ «እሺ ዶክተር» አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም። ስትናደድ ነው እንዲህ የምትለኝ።

እንግዲህ የእኛን ዘረመል ማን ይከፍተዋል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ክፍል ነው።

በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ይሆናል። የሚቀመጠው ግን ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ በማይበልጥ ኒውክለስ ውስጥ ነው። እንዴት ገባ? ተጠቅልሎ። ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች ስምንት ስምንት ሆነው እንደ ክር ማጠንጠኛ ይሆናሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ 147 ያህል የዲኤንኤ ፊደል (ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ የሚባሉት) ይጠመጠማል። የተጠመጠመ ጽሑፍ አይነበብም። ስለዚህ እንደኛ ኒውክለስ ያለው ሴል ውስጥ ወጉ መዘጋት ነው። አንባቢው ማሽን አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝ ሁለት ይባላል፤ 12 ክፍሎች አሉት፣ ትልቅ ነው። ያም ሆኖ ብቻውን ዘረመሉ የት እንደሚጀምር አያውቅም። የሚጠራው ይፈልጋል።

ጠሪዎቹ አክቲቬተር የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ተማሪዎቼን ወደ ሐረር የሚጭኑት ሚኒባሶች ጋ በሐሳብ እወስዳቸዋለሁ። ወያላውን አስቡት እላቸዋለሁ። አንድ እጁ በሩን ጨብጧል። በሌላው እጁና በጉሮሮው ደግሞ «ሐረር! ሐረር! የሞላ! የሞላ!» ይላል። (አንድ ሰው ሳይገባ ነው የሞላ የሚለው፣ እሱን ተዉት።) አክቲቬተርም ሁለት ሥራ አለው። በአንዱ ክፍሉ የተወሰነች የዲኤንኤ ቦታ ለይቶ ይጨብጣል። በሌላው ይጣራል።

ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ መሆናቸው በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮጀር ብሬንትና ማርክ ፕታሽን የእርሾውን አክቲቬተር ወሰዱ፤ ጋል አራት ይባላል። መጨበጫ እጁን ቆርጠው ጣሉት። በምትኩ ሌክስ ኤ የሚባል የባክቴሪያ ፕሮቲን መጨበጫ ገጠሙለት። ከዚያ የባክቴሪያው ፕሮቲን የሚጨብጠውን ቦታ እርሾው ውስጥ ከአንድ ዘረመል አጠገብ አስቀመጡ። ዘረመሉ ተከፈተ። የሐረሩን ወያላ ጉሮሮ ወስደህ የጅጅጋ መኪና በር ላይ ብትሰቅለው እንደዚሁ ይጣራል፤ ሰውም ይመጣል።

ጋል አራት ሌላም የሚያስቀኝ ነገር አለው። ጋላክቶስ በሌለበትም ዲኤንኤው ላይ ተንጠልጥሎ ሊገኝ ይችላል። የማይጣራው ጋል ሰማንያ የሚባል ሌላ ፕሮቲን አፉን ስለያዘው ነው። ጋላክቶስ ሲመጣ አፉን ይለቁለታል። ይህን በነገርኳቸው ቀን ኋላ ወንበር ላይ ያሉት አንዱ የሌላውን አፍ ይዞ ክፍሉ ተረበሸ። ለፈተና ግን ሁሉም አልረሱትም።

ሲጣራ ማን ይመጣል? ብዙ ናቸው። መጀመሪያ የተጠመጠመውን የሚያላሉ ይመጣሉ። ከእነሱ አንዱ ፒ ሦስት መቶ የሚባል ነው፤ በሂስቶኖቹ ጭራ ላይ አሴቲል የምትባል ትንሽ ነገር ይለጥፋል። የሂስቶን ጭራ ፖዘቲቭ ነው፣ ዲኤንኤ ኔጋቲቭ ነው፤ ጥብቅ ብለው የተያያዙት በዚህ ነው። አሴቲሉ የጭራውን ፖዘቲቭነት ያጠፋዋል። ያኔ ጥምጥሙ ይላላል። በዴቪድ አሊስ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1996 የታየው ነገር ደስ ይላል። ዘረመል በማስነበብ ሲያግዝ የሚታወቅ ጂሲኤን አምስት የሚባል ፕሮቲን፣ ሥራው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ለካ አሴቲል ለጣፊ ነበር።

ከዚያ ሜዲየተር ይመጣል። ይህ የሮጀር ኮርንበርግ ቡድን እርሾ ውስጥ ያገኘው ነው። የማንበቢያውን ዕቃ ሁሉ አጥርተው ቱቦ ውስጥ ጨመሩ። ማሽኑ ያነባል፤ ግን የአክቲቬተሩን ጥሪ አይሰማም። በመካከል የሆነ ነገር ጎድሎ ነበር። የጎደለውን ፈልገው አገኙት፤ አስታራቂ ብለው ሰየሙት። በሰው ላይ 30 ገደማ ፕሮቲኖች አንድ ላይ ሆነው ነው የሚሄዱት። እኔ ክፍል ውስጥ «ሽማግሌዎቹ» ነው የምላቸው። ጠሪው ከአንባቢው ጋር በቀጥታ ብዙም አይገናኝም፤ ሽማግሌ ይልካል። ኮርንበርግ ይህንና አንባቢው ማሽን ምን እንደሚመስል በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ኖቤል አግኝቷል። አባቱም በ1959 አግኝተው ነበር። አንዳንድ ቤት እንዲህ ነው።

የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚሠሩ ዘረመሎች 20 ሺህ ገደማ ናቸው። ከእነሱ ወደ 1,600 የሚጠጉት ሥራቸው ዲኤንኤ ጨብጦ ሌላውን ዘረመል ማስከፈት ወይም ማዘጋት ነው። ይህን ያህል ተቆጣጣሪ ያለበት መሥሪያ ቤት ሌላ አላውቅም። ደግነቱ ይሠራል።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ሆድ እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች ፊንላንዳውያን ቤተሰቦችን መረመሩ። አድገውም ወተት የሚስማማቸውን ከማይስማማቸው የሚለይ ፊደል ፈለጉ። ዘረመሉ ውስጥ አላገኙትም። ያገኙት ከመጀመሪያው 13,910 ፊደል ወደ ኋላ ሄደው ነው። አንድ ፊደል፦ ሲ የነበረው ቲ ሆኗል። ቦታው ደግሞ ሌላ ዘረመል ውስጥ ነው። ኤምሲኤም ስድስት የሚባል፣ ዲኤንኤ ሲባዛ የሚያግዝ፣ ከወተት ጋር ጉዳይ የሌለው ጎረቤት።

ከዚራ በጋራ ግቢ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም። የእኛ ቤት መብራት ቆጣሪ ለረጅም ጊዜ ጎረቤት ሳሎን ውስጥ ነበር። መብራት ሲሄድብን በመጀመሪያ የምናንኳኳው የእነሱን በር ነው። እነሱ ሰርግ ከሄዱ በጨለማ እንቀመጣለን። አምፖሉ የእኛ ነው፣ ደህና ነው፤ ማብሪያው ግን ከሰው ቤት ነው። የላክቴዝ ማብሪያም ኤንሃንሰር ይባላል፤ የሚገኘው ከጎረቤት ነው።

ያቺ አንድ ፊደል ስትለወጥ ምን ይሆናል? ኦክት አንድ የሚባል አክቲቬተር ያን ቦታ ከበፊቱ አጥብቆ ይጨብጣል። ይጣራል። ላክቴዙ ካደጉም በኋላ መነበቡን ይቀጥላል።

እዚህ ስደርስ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ 14 ሺህ ፊደል ርቆ እየተጣራ እንዴት ይሰማል?»

የድሬ ሰው ሁሉን ነገር በባቡር ያስረዳል። እኔም ሞከርኩ። ሐዲዱ ዲኤንኤ፣ ባቡሩ ፖሊመሬዝ፣ ሩቅ የቆመው ምልክት ኤንሃንሰር። ልጅቱ ግን «ምልክቱን እኮ ነጂው በዓይኑ ያያል፤ ፕሮቲን ዓይን አለው?» አለች። ባቡሬ እዚያው ከሐዲዱ ወጣ። ደወል ተደወለ፣ ዳንኩ።

መልሱን እቤት አገኘሁት። እናቴ ነጠላዋን አስቀምጣ መቀነቷን ፈትታ ወንበር ላይ ጥላዋለች። ረጅም የጥጥ መቀነት፣ ዳርና ዳሩ ጥለት ያለው። አንደኛው ጫፍ ላይ እንደ ልማዷ የቋጠረችው ነገር አለ። አነሳሁት። በሌላው ጫፍ እኔ ደግሞ አንድ ቋጠሮ ሠራሁ። ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው ሁለቱ ቋጠሮዎች አይተያዩም፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ከዚያ መሐሉን ይዤ አጠፍኩት። ቋጠሮና ቋጠሮ ተነካኩ። መሐል ያለው ጨርቅ ሁሉ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ርቀቱ ምንም ትርጉም አጣ።

ዲኤንኤው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሐዲድ አይደለም፤ መቀነት ነው። ይታጠፋል። 14 ሺህ ፊደል ቢዘረጋ ከሚሊሜትር 200ኛ እጅ ቢሆን ነው። ሲታጠፍ ኤንሃንሰሩ ላይ የተንጠለጠለው ወያላ፣ ሽማግሌዎቹና አንባቢው ማሽን አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ዓይንም ጆሮም አያስፈልግም።

ደስ ብሎኝ እናቴን ጠራኋት። መጣች፣ አየች። «የምታጥፈው ጥሩ» አለች፣ «ግን ያንን ፍታልኝ፣ የእቁብ ብር ያለበትን እንዳታላላብኝ።»

ኦክት አንድና የፊንላንዶቹ ፊደል አውሮፓ ላይ ብዙ ነገር ያስረዳሉ። ወደ እኛ አካባቢ ሲመጣ ግን ታሪኩ ይለያል። የእኔ ልብ ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሣራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን ያሉ ሰዎችን መረመሩ። ሰዎቹ 50 ግራም ላክቶስ ይጠጣሉ፤ አንድ ሊትር ወተት ውስጥ ያለውን ያህል መሆኑ ነው። ከዚያ ደማቸው ውስጥ ስኳር ስንት እንደጨመረ ይለካል። ውጤቱ ሌሎች ሦስት የፊደል ለውጦች ነው። ሁሉም እዚያው ኤንሃንሰር ውስጥ፣ ከፊንላንዶቹ ፊደል አጠገብ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ፊደል ቢሆን ነው። የተለያየ ሕዝብ፣ የተለያየ ከብት፣ የተለያየ ዘመን፤ የተነካችው ግን ያቺው አንዲት ማብሪያ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የኢትዮጵያ ሶማሌ ግመል አርቢዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። 107 ወተት ጠጪዎች። ከአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ ኤንሃንሰር ላይ፣ ስምንት ቦታ ፊደል ሲለያይ ተገኘ። አንዷ ለውጥ አሸንፋ ሌሎቹን አላጠፋችም፤ ብዙዎቹ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከኦክት አንድ ጋር ያላቸውም ግንኙነት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ማብሪያውን የሚያበሩበት መንገድ ይለያያል። ይህን ሳነብ የሽኒሌዋን ግቢ አስታወስኩ። ዲሏ ውስጥ ካለው ወተት ጀርባ ስንት ሺህ ዓመት የግመል እረኝነት አለ። ዱካው የቀረው በጥቂት ፊደላት ነው፤ ደግሞ ራሱ ዘረመሉ ላይ ሳይሆን ጠሪው በሚጨብጠው ቦታ ላይ።

ጥናቱን ለጓደኛዬ ነገርኩት። «ስለዚህ አንተ ማብሪያህ የበራ ነህ» አልኩት በልበ ሙሉነት። ከዚያ ግን ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቆምኩ። ከ107ቱ ወተት ጠጪዎች መካከል ላክቴዛቸው የተዘጋም ነበሩ። ማብሪያው ጠፍቶም ይጠጣሉ።

ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ እንደገና ባክቴሪያ ነው። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት። ላክቶስ በየቀኑ ሲወርድላቸው ላክቶስ መብላት የሚችሉት ይበዛሉ። ብዙ ጋዝ ሳያወጡ የሚያብላሉትም ቦታ ይይዛሉ። ለቀናት በተከታታይ ላክቶስ የተሰጣቸው ሰዎች ላይ ይህ ተለክቶ ታይቷል፤ በትንፋሻቸው የሚወጣው ሃይድሮጅን ይቀንሳል። ላክቶሱ ሲቋረጥ መላመዱም ይጠፋል። ፋሲካ በነጋ ቁጥር እናቴ ለምን ሆዷን እንደምታሽ አሁን ሌላ ግምት አለኝ። እሷ እስካሁን በቅቤው ነው የምታሳብበው። 55 ቀን ወተት ያላየ አንጀት ግን አንድ ማንኪያ አይብም ያስደነግጠዋል።

ጓደኛዬን እንዲመረመር ጠየቅኩት። አንድ ሊትር ወተት ጠጥተህ ደም ትሰጣለህ አልኩት። «ወተቱን እጠጣለሁ» አለኝ፣ «ደሙን አንተ ስጥ፣ ወላሂ።» ስለዚህ ማብሪያው ይብራ ይጥፋ አልተለየም። እሱ እንደሆነ ግድም አልሰጠው። በሳምንቱ እናቱ በፕላስቲክ ጠርሙስ ዳናን ላኩልኝ፤ የረጋ የግመል ወተት ነው። ላክቶሱን ከፊሉን ባክቴሪያዎቹ አስቀድመው በልተውታል። ይኮመጥጣል፣ ጭስ ጭስ ይላል። አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ደህና ተኛሁ።

ለእናቴ የባክቴሪያውን ነገር መንገር ግዴታ ሆነብኝ። አንጀቴ ውስጥ ያለው ዘረመል አይለምድም፤ አንጀቴ ውስጥ የሚኖሩት ግን ይለምዳሉ አልኳት። የእነሱ ዘረመል አንቺ እንዳልሽው ወተት ሲመጣ ይከፈታል። ዝም ብላ ሰማችኝ። ዶክተር አላለችኝም። ሻይ ልትቀዳ ተነሳች።

ያን ዕለት ሻዬ ውስጥ አንድ ማንኪያ ወተት ነበር። በማግስቱ ሁለት ሆነ። ዛሬ ጠዋት አራት ናት፤ ስትቆጥር ሰማኋት።